ፍሬው የት ይሄዳል?

ጤና ይስጥልኝ። እናቶች፣ አባቶች፣ የችግኝ ጣቢያ ባልደረቦቼ፣ ቅዳሜ ጠዋታችሁን ሰውታችሁ አራት ኪሎ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ይህን እዩልኝ። ሐምራዊ የሚያብበው የጃካራንዳ ዛፍ ፍሬ ነው፤ ከመንገድ ዳር ነው ያነሳሁት። ጠፍጣፋና ክብ ነው፤ እንደ እንጨት ደርቋል። ስሰነጥቀው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ክንፍ ያላቸው ዘሮች ይወጣሉ። እፍ ሲሏቸው ይበራሉ። ፊት የተቀመጣችሁ ነጠላችሁን አራግፉ።

ችግኝ የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። አበባው ምን ቀለም ነው? ቶሎ ያድጋል ወይ? እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። ቶሎ የሚያድግ፣ በልጅነቱ የሚያፈራ፣ ሲቆረጥ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ለገዢ ደስ ይላል። ከተተከለበት አምልጦ ሌላውን ተክል የሚያጨናንቅ የወራሪ ተክል ጠባይም ይኸው ነው። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ እንኳ ዓለምን የዞረው አበባው ስላማረ ነው።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ድሮ አጥሬን በየወፍ ቆሎ አስጊጬ ነበር። አንድ ክረምት አለፈና ጎረቤቴ ጓሮ ውስጥ በቅሎ አገኘሁት። ማን እንደወሰደው ስሙ ይናገራል፤ እኔ ግን ስሙን እየጠራሁ አላሰብኩትም።

አውስትራሊያውያን አንድ ተክል አገራቸው ከመግባቱ በፊት 49 ጥያቄ ይጠይቁበታል። መልሱ በነጥብ ይደመራል። ከ6 በላይ ያመጣ አይገባም። ከ1 እስከ 6 ያመጣ እንደገና ይጠናል። ከዚያ በታች የሆነ ይገባል። ከ49ኙ ለእኔ ትልቁ፣ ተክሉ ሌላ አገር አስቸግሮ ያውቃል ወይ የሚለው ነው።

ጃካራንዳን በዚህ እንመዝነው። የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ነው። የደቡብ አፍሪካዋ ፕሪቶሪያ «የጃካራንዳ ከተማ» የተባለችው በእሱ ነው። እዚያው አገር ግን ከከተማ አምልጦ ወንዝ ዳር ስለበቀለ ወራሪ ተብሎ ተመዝግቧል።

ታዲያ በየመንገዱ ያሉትን እንቁረጥ? በጭራሽ! ጥላቸው ለእግረኛው እረፍት ነው፤ አስፋልት ላይ የወደቀ ዘር ደግሞ ጠራጊ ይወስደዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ወንዝ ዳር የሚተከለው ነው። የቀበና ወንዝ የተጣለበትን ሁሉ ይዞ አቃቂ ወንዝ ይገባል፣ አቃቂ ደግሞ አዋሽ። ስለዚህ ወንዝ ዳር አዲስ ጃካራንዳ አንትከል ባይ ነኝ። ሐምራዊ አበባ ያማራችሁ ብርብራ አለላችሁ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይበቅል የራሳችን ዛፍ ነው። ፍሬውን ግን ልጆች አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱት፤ ዓሣ የሚያፈዝ መርዝ አለው።

አሁን ሻይ እንጠጣና ቁልቁል ወደ ቀበና እንወርዳለን። ወንዙ ዳር ጃካራንዳ ካገኘን ከሥሩ ራሱን የዘራ ችግኝ እንፈልጋለን፤ ካለም እንቆጥራለን። ጫማችሁን ጭቃ ቢነካው እንዳትቀየሙኝ።