ሃያ አራት ቡድን አይበዛም? ስለ ራግቢ ውድድሮች መስፋፋት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በስልክ ከገቡት ጥያቄዎች መካከል የተመረጡት ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የወንዶቹ የራግቢ ዓለም ዋንጫ በ2027 ከ20 ወደ 24 ቡድን ያድጋል ይባላል፤ የምድብ ጨዋታው ግን ያጥራል ይላሉ። ቡድን ተጨምሮ እንዴት ያጥራል?

መልስ፦ ነገሩ ያለው የምድቡ አከፋፈል ላይ ነው። በ2023 ፈረንሳይ ላይ 20ው ቡድን በአራት ምድብ፣ አምስት አምስት ሆኖ ተደለደለ። አምስት ጎዶሎ ቁጥር በመሆኑ በየዙሩ አንዱ ቡድን ተቀምጦ ያያል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አራት ጨዋታ እንዲያደርግ አምስት ዙር ያስፈልጋል። በ2027 አውስትራሊያ ላይ ግን ምድቡ ስድስት፣ በየምድቡ ያለው ቡድን አራት ይሆናል። በሦስት ዙር ያልቃል፣ ተቀምጦ የሚያይ የለም። ጠቅላላው ጨዋታ ከ48 ወደ 52 ከፍ ቢልም የቀን መቁጠሪያው ይጠባል። ዋንጫውን የሚያነሳው ቡድን ያኔም ሰባት ጨዋታ ነበረበት፣ አሁንም ሰባት ነው፤ አንድ የምድብ ጨዋታ ወጥቶ በቦታው የ16ቱ ጥሎ ማለፍ ገብቷል።

እኛን የሚያሳስበን የሦስተኞቹ ጉዳይ ነው። ከየምድቡ ሁለት ሁለት ሲያልፉ 12 ይሆናሉ፤ ቀሪዎቹን አራት ቦታዎች ከስድስቱ ሦስተኞች የተሻሉት ይይዛሉ። እነዚህ ቡድኖች እርስ በርስ አልተጋጠሙም፤ የሚወዳደሩት በነጥብ፣ ነጥባቸው እኩል ከሆነ ደግሞ በተቆጠረና በተቆጠረባቸው ልዩነት ነው። ጠንካራ ቡድን ምድቡ ውስጥ ገብቶ 70 ያስቆጠረበት ቡድን ልዩነቱን መልሶ ለመሙላት ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው ያለው። መጨረሻ ላይ የሚጫወት ምድብም ስንት እንደሚበቃው አውቆ ሜዳ ይገባል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ውጤቱ መቀለጃ አይሆንም? መቶ ለዜሮ ማን ያያል?

መልስ፦ ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ ነው። ኒውዚላንድ በ1995 ጃፓንን 145 ለ17፣ አውስትራሊያ በ2003 ናሚቢያን 142 ለ0 አሸንፈዋል። በ2023ም ፈረንሳይ ናሚቢያን 96 ለ0፣ ስኮትላንድ ሩማኒያን 84 ለ0 ረትተዋል። እንዲህ የሚሆነው አዲሶቹ ተጫዋቾች ስለሚሰንፉ አይደለም፤ የጨዋታው ሕግ ራሱ ጠንካራውን ይደግፋል። አንድ ቡድን ትራይ ሲያገባ፣ ማለትም ኳሷን ከተጋጣሚው የጎል መስመር ባሻገር መሬት ሲያስነካ፣ አምስት ነጥብ ያገኛል፣ የጎሉን ምት ካገባ ሁለት ይጨመርለታል። ከዚያ ከመሃል ሜዳ ጨዋታውን የሚያስጀምረው የገባበት ቡድን ነው። በእግር ኳስም የገባበት ነው የሚያስጀምረው፤ እዚያ ግን ኳሷን ለራሱ ሰው ያቀብላል። በራግቢ ቢያንስ አሥር ሜትር ወደ ተጋጣሚው መለጋት ግድ ነው። ዘልሎ መልሶ ካልያዛት ኳሷ አሁን ላገባው ቡድን ትደርሳለች። በሰባት ተጫዋቾች ራግቢ ይህ ተገልብጦ ያገባው ነው የሚለጋው።

ሁለተኛው ስክራም ነው፤ ስምንት ለስምንት ሆነው ተቆላልፈው የሚገፋፉበት። ከፊት ያሉት ሦስቱ፣ ሁለቱ ፕሮፖችና መሃል ያለው ሁከር፣ አንገታቸውና ትከሻቸው ለዓመታት የተሠራ መሆን አለበት፤ ያልተዘጋጀ ሰው እዚያ ቢቆም አንገቱ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ሕጉ 23 ተጫዋች የያዘ ቡድን ስድስት የፊት መስመር ሰዎች እንዲኖሩት ያስገድዳል፤ የሠለጠነ ተቀያሪ ሲያልቅ ስክራሙ ሳይገፋፉ ይከናወናል። አዲስ አገር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሉት፤ የሚጎድሉት ቀሪዎቹ ሦስቱ ናቸው። ለዚህ ነው እስከ ሃምሳኛው ደቂቃ ሲፎካከር የቆየ ቡድን በመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ተከታትሎ የሚገባበት።

ጥያቄ፦ ትንሽ ቡድን ትልቁን አሸንፎ ቀጥሎ ሲወድቅ አያለሁ። ዕድል ነው?

መልስ፦ ዕረፍት ነው። ጃፓን መስከረም 19 ቀን 2015 ብራይተን ላይ ደቡብ አፍሪካን 34 ለ32 አሸነፈች። ከአራት ቀን በኋላ ስኮትላንድን ገጠመች፤ ስኮትላንድ ገና የመጀመሪያ ጨዋታዋ ነበር። 45 ለ10 አለቀ። ጃፓን ሦስት ጨዋታ አሸንፋም ከምድቧ አላለፈችም። ሜዳ ላይ ሰውነቱ የተቀጠቀጠ ተጫዋች በአራተኛው ቀን ገና እያገገመ ነው፤ ሁለት እኩል ጥሩ ስብስብ ያለው አገር ሌላውን አሰልፎ ያልፋል፣ አዲሱ ግን ያንኑ ሰው ይደግማል። ለ2023 ውድድሩ አንድ ሳምንት ተጨምሮበት ለሁሉም ቢያንስ አምስት የዕረፍት ቀን ተመደበ፤ ስብስቡም ከ31 ወደ 33 ተጫዋች አደገ። ውድድር ለማስፋት የሚያቅድ ሰው የቡድኑን ቁጥር ከመጻፉ በፊት የዕረፍት ቀኑን ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ጆርጂያ ጣሊያንንም ዌልስንም አሸንፋለች። ስድስቱ አገሮች የተባለው የአውሮፓ ውድድር ውስጥ የማትገባው ለምንድን ነው?

መልስ፦ አሸንፋለች፤ በ2022 ባቱሚ ላይ ጣሊያንን 28 ለ19፣ በዚያው ዓመት ካርዲፍ ላይ ዌልስን 13 ለ12። ሆኖም ውድድሩ መውጫና መውረጃ የለውም፤ ንብረትነቱ የስድስቱ ፌዴሬሽኖች፣ ማለትም የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስ፣ የአየርላንድ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ነው። በ2021 ደግሞ ሲቪሲ የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት አንድ ሰባተኛውን የንግድ ድርሻ ገዝቷል። ሰባተኛ አገር ሲገባ ገቢው ለአንድ ተጨማሪ ሰው ይከፈላል፤ መውረድ ቢጀመር ደግሞ ማናቸውም የመውረድ አደጋ አለባቸው። በዚህ ላይ በገዛ እጁ ድምፅ የሚሰጥ ፌዴሬሽን ማግኘት ከባድ ነው።

የቀን ሒሳቡም አለ። ስድስት ቡድን በአምስት ዙር 15 ጨዋታ ያደርጋል። ሰባት ቢሆኑ 21 ጨዋታ በሰባት ዙር፤ ስምንት ቢሆኑ 28 ጨዋታ፣ እሱም በሰባት ዙር። አንድ አገር መጨመርም ሁለት መጨመርም ያው ሁለት ተጨማሪ ቅዳሜ ይፈልጋል፤ ቅዳሜዎቹ የሚወሰዱት ደመወዝ ከሚከፍሉት ክለቦች ነው። እኛን ከጠየቁን፣ የመጨረሻው ቡድን ከታችኛው የአውሮፓ ውድድር አሸናፊ ጋር በየሁለት ዓመቱ ደርሶ መልስ ቢጫወት ይበቃ ነበር፤ ቀን አይፈጅም፣ በሩም አይዘጋም።

ለትዕግሥት ምሳሌ ከፈለጉ ጣሊያን አለች። በ2000 ገብታ በመጀመሪያ ጨዋታዋ ስኮትላንድን 34 ለ20 አሸነፈች። ከ2015 እስከ 2022 ግን በዚሁ ውድድር 36 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈች፤ ያቆመችው ካርዲፍ ላይ ዌልስን 22 ለ21 ረትታ ነው። ፈረንሳይም በ1910 ገብታ፣ ከ1931 በኋላ ተባርራ የተመለሰችው በ1947 ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አገር የውጭ ተጫዋች ሰብስቦ ቢገባስ? ማን ይከለክለዋል?

መልስ፦ የጨዋታው ዓለም አቀፍ አስተዳዳሪ የሆነው የወርልድ ራግቢ ስምንተኛው ደንብ። ተጫዋቹ እዚያው አገር የተወለደ፣ ወይም ከወላጆቹ ወይም ከአያቶቹ አንዱ እዚያ የተወለዱ፣ ወይም ራሱ ከመሰለፉ በፊት ሳያቋርጥ 60 ወር የኖረ፣ ወይም በድምሩ አሥር ዓመት የኖረ መሆን አለበት። ከ2022 ወዲህ ለአንድ አገር የተጫወተ ሰው ወደ ተወለደበት ወይም ወላጁ ወይም አያቱ ወደተወለዱበት አገር መዛወር ይችላል፤ ከመጨረሻ ጨዋታው ሦስት ዓመት ማለፍ አለበት፣ የሚፈቀደውም አንዴ ብቻ ነው።

ፌዴሬሽኑ ተጫዋቹን ከመጥራቱ በፊት ፋይሉን ይሙላ፦ የልደት ማስረጃው፣ በአያት የሚመጣ ከሆነ የአያቱን ከወላጁ፣ የወላጁን ከእሱ የሚያያይዘው ሰነድ፣ በመኖሪያ የሚመጣ ከሆነ የመግቢያና የመውጫ ማኅተሞቹ ገጽ በገጽ፣ ቀደም ሲል ለሌላ አገር ዋና ቡድን በ15ም በ7ም አለመሰለፉ። ቅጂ አይቀበሉ፣ ዋናውን ይዩ። ስፔን ይህን ከፍላ ተምራለች። በ2022 በመኖሪያ ደንቡ ያልተፈቀደለት ተጫዋች አሰልፋ አሥር ነጥብ ተቀነሰባትና ሜዳ ላይ ያገኘችውን የ2023 ዓለም ዋንጫ ቦታ ለሩማኒያ አስረከበች። በዚያው ሰበብ ከፍ ያለችው ፖርቹጋል የመጨረሻውን ማጣሪያ ዱባይ ላይ ከአሜሪካ ጋር 16 ለ16 ተለያይታ አልፋ፣ ቱሉዝ ላይ ፊጂን 24 ለ23 አሸነፈች። አንድ ፓስፖርት የሦስት አገር ዕጣ ቀየረ።

ጥያቄ፦ መስፋፋት የከሸፈበት ቦታ አለ?

መልስ፦ በዋናነት የደቡብ ንፍቀ ክበብ ክለቦች የሚወዳደሩበትን ሱፐር ራግቢን ይመልከቱ። በ1996 በ12 ክለብ ተጀመረ፣ 14፣ ከዚያ 15፣ በ2016 ደግሞ 18 ሆነ። በ2018 ወደ 15 ተመለሰ። ቶኪዮ ላይ የተመሠረተው ሰንዎልቭስ የተመደበው ከደቡብ አፍሪካ ክለቦች ጋር ነበር፤ ተጫዋቾቹ ከልምምድ ይልቅ አውሮፕላን ላይ ይውሉ ነበር፣ ጨዋታውም ለተመልካቹ በማይመች ሰዓት ይተላለፍ ነበር። ሰንጠረዡም ተመልካች ማስረዳት የማይችለው ሆነ። በ2017 ከ15 ጨዋታ ስድስት ያሸነፈው የአውስትራሊያው ብራምቢስ የምድቡ መሪ ስለሆነ ብቻ፣ 12 ያሸነፈውን የኒውዚላንዱን ሃሪኬንስን በሜዳው ተቀብሎ ሩብ ፍጻሜ አስተናገደ። ሃሪኬንስ 35 ለ16 አሸነፈ እንጂ ጉዳዩ ከዚህም በላይ ያነጋግር ነበር። ከተጨመሩት አዋጪው የአርጀንቲናው ሃጓሬስ ነበር፤ በ2019 ለፍጻሜ ደረሰ። ልዩነቱ ተጫዋቾቹ አብረው የሚጫወቱት በብሔራዊ ቡድንም መሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ ዓለም ዋንጫ ከገባ በኋላስ አዲሱ አገር አራት ዓመት ምን ይሠራል?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው፤ እስካሁን የነበረው መልስ «እምብዛም» ነበር። ከ2026 ጀምሮ 12 አገሮች፣ ስድስቱ የአውሮፓ፣ አራቱ የደቡብ ንፍቀ ክበብ (ኒውዚላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ደቡብ አፍሪካና አርጀንቲና)፣ ጃፓንና ፊጂ፣ በሐምሌና በኅዳር በኔሽንስ ቻምፒዮንሺፕ ይገናኛሉ። ከሥሩ የዓለም ዋንጫውን ትኬት የቆረጡት ሌሎቹ 12 አገሮች የራሳቸው ኔሽንስ ካፕ ይኖራቸዋል። ከ1991 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ዋንጫ የገባችው ዚምባብዌ ከጎረቤቶቿ ውጪ ያሉ ቡድኖችን በየሁለት ዓመቱ የምታገኘው እዚያ ነው። በሁለቱ መካከል የመውጣትና የመውረድ ጨዋታ የታቀደው ግን ከ2030 ወዲህ ነው። እስከዚያ ያሉት ዓመታት አንድ የፕሮፕ ትውልድ ሙሉ የሚያልፍባቸው ናቸው።