ከሳንባ የተመለሰው ውሃ

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሁለት ሕሙማን ሲቲ ስካን ላይ ተመሳሳይ የሳንባ ጠባሳ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። አንደኛው መነሻው የማይታወቀው፣ ሳንባን እያጠበበ የሚሄደው የጠባሳ በሽታ፣ አይፒኤፍ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከሻገተ ድርቆሽ ወይም ከእርግብ ኩስ የሚነሣ ብናኝ ለዓመታት ሲሳብ የሚያመጣው የሳንባ አለርጂ ነው። ሕክምናቸው ግን አራምባና ቆቦ ነው። ለአለርጂው ብናኙ ይርቃል፣ ብዙ ጊዜም ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ይታዘዛል። ለአይፒኤፍ ግን ፕሬድኒሶን የተባለውን ተመሳሳይ ስቴሮይድ አዛታዮፕሪንና ኤን አሲቲልሲስቲን ከተባሉ መድኃኒቶች ጋር መስጠት ሞትን እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል። በሽታውን ማሳሳት መድኃኒቱን ማሳሳት ነው።

በቀዶ ሕክምና ናሙና መውሰድ ቢቻልም፣ ትንፋሹ ላጠረ ሰው ከባድ ነው። ከዚያ በፊት የሳንባ እጥበት አለ። እጥበት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ኩላሊት ነው። ይኼኛው ግን ወደ ሳንባ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ በብሮንኮስኮፕ፣ ሳላይን (የጨው ውሃ) አስገብቶ መልሶ መሳብና አብረው የወጡትን የመከላከያ ሕዋሳት በየዓይነታቸው መቁጠር ነው።

የሚታጠበው ቦታ ከ6 ሳምንት ባልበለጠ ሲቲ ይመረጣል። ጭጋግ የመሰለውን ፈልጉ፤ የማር እንጀራ የመሰለው ጠባሳ ብዙ አይነግራችሁም። የብሮንኮስኮፑ ጫፍ ቅርንጫፉን ዘግቶ ይቀመጥና ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ሳላይን ከ3 እስከ 5 ጊዜ ተከፍሎ ይገባል። ስትስቡ በቀስታ ይሁን፤ ከበረታ የአየር ቧንቧው ይከደናል፣ ደምም ይቀላቀላል። ከገባው 30 በመቶ ቢመለስ ደኅና ነው። በየዙሩ 5 በመቶ እንኳ የማይመለስ ከሆነ ግን ሥራውን አቁሙ።

ብዙው ጥፋት የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው። ከመከላከያ ሕዋሳቱ አንዱ የሆነው ማክሮፌጅ ተለጣፊ ነው፤ ተራ ብርጭቆና ፖሊስታይሪን የተባለው ፕላስቲክ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከ400 ሕዋስ 340 ማክሮፌጅ፣ 50 ሊምፎሳይትና 10 ኒውትሮፊል (ሌሎቹ የመከላከያ ሕዋሳት) ያለበትን ጤነኛ ናሙና ለምሳሌ ውሰዱ። የማክሮፌጁ ግማሽ ዕቃው ላይ ቢቀር ሊምፎሳይቱ ከ12.5 ወደ 22 በመቶ ይዘላል። ሰውየው ምንም ሳይሆን በሽተኛ አደረግነው ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃው ሕዋስ የማይጣበቅበት ፕላስቲክ፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ይሁን። በሳላይን ውስጥ ሕዋሱ ቶሎ ስለሚበላሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። ሕዋሱን በማሽከርከር የሚለየው ሴንትሪፊዩጅ ለ10 ደቂቃ ከ250 እስከ 300 ጂ (የማሽከርከሩ ኃይል መለኪያ) ይዙር፤ ጂና የደቂቃ ዙር አንድ አይደሉም፣ መለወጫውን ከማሽኑ መመሪያ እዩ።

ቢያንስ 400 ሕዋስ ይቆጠር። ሲጋራ በማያጨስ ጤነኛ ሰው ከ400ው ማክሮፌጅ ከ340 በላይ፣ ሊምፎሳይት ከ40 እስከ 60፣ ኒውትሮፊል ከ12 የማይበልጥ፣ ኢኦሲኖፊል የተባለው ሌላው የመከላከያ ሕዋስ ከ4 የማይበልጥ ነው። ሊምፎሳይቱ 120 ካለፈ የአይፒኤፍ ጥርጣሬ ይቀንሳል፤ ያኔ ወደ ሕመምተኛው ተመልሳችሁ ስለ ድርቆሹና ስለ እርግቡ እንደገና ጠይቁ። ኢኦሲኖፊሉ 100 ከደረሰ ጥርጣሬው ወደ ኢኦሲኖፊል የሳንባ በሽታ ይዞራል። ሲዲ4 የተባለው የሊምፎሳይት ዓይነት ሲዲ8 ከተባለው ከ4 እጥፍ በላይ ከሆነ ደግሞ ሳርኮይዶሲስ የተባለውን የሳንባ በሽታ ይደግፋል።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አይፈርድም። ሲጋራ ሊምፎሳይትን ዝቅ ያደርጋል፤ ጠባሳው የጠናበት አለርጂም ሊምፎሳይቱ ሳይጨምር ሊገኝ ይችላል። እኛ አገር ደግሞ ሳንባ ነቀርሳም ሊምፎሳይትን ይጨምራልና፣ ፕሬድኒሶሎን ከመታዘዙ በፊት ከዚያው ውሃ ለጂን ኤክስፐርት (ለነቀርሳ ምርመራ) ይላክ።

በመጨረሻ ስለ መጠየቂያው ወረቀት። ስንት ሚሊ ሊትር ገባ፣ ስንት ተመለሰ፣ ከየትኛው ክፍል፣ በስንት ሰዓት ተወሰደ፣ ሕመምተኛው ያጨሳል ወይ፣ ስቴሮይድ ጀምሯል ወይ፣ ቤቱ ወፍ አለ ወይ። እነዚህ ያልተሞሉበት ናሙና ሲመጣ ላቦራቶሪው ከመቁጠሩ በፊት ስልክ ይደውል።