ታድለሽ፣ ጊዜ አለሽ ማለት ነው

እሺ። እየቀዳ ነው አይደል? ቁጥሩ እየሄደ ነው፣ አዎ። ሰላም ናችሁ?

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ላወራ ነበር። ቃል ገብቻለሁ፣ አውቃለሁ። ይቆየን። አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሏል። የአለቃዬ፣ የልጄ ማለቴ ነው፣ ልደት ነው። አምስት ዓመቷን ደፈነች። መልካም ምኞት የላካችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ፣ ደርሶኛል። "ፎቶ የታለ?" ለምትሉት ደግሞ፣ የልጅቷን ፊት እንደማልለጥፍ ታውቃላችሁ። በዚህ ጉዳይ ተጣልተን ታርቀናል።

ልደቱ በደንብ አለፈ። ይሄን አስቀድሜ ልበል። ኬኩ አልወደቀም፣ ማንም አልተጣላም፣ ሰውዬው፣ የልጅቷ አባት፣ እንኳን ጨፍሯል። ታዲያ ምን ሆንሽ በሉኝ። አንዲት ሴት አንድ ነገር ተናገረች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቆይ ግን፣ መጀመሪያ ስለ ቀኑ። በቀኑ ምክንያት ቤታችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ልጅቷ የተወለደችው ጥር 3 ቀን 2012 ነው። የሐኪም ቤቱ ወረቀት ላይ በፈረንጅ ጃንዋሪ 12 ይላል። ያኔ ልክ ነበር። 2012 ግን ዘመነ ዮሐንስ ነው፣ ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት ማግሥት፣ ስለዚህ ከፈረንጁ ጋር ያለው ነገር በአንድ ቀን ይገፋል። ገናም በዘመነ ዮሐንስ በ28 የሚውለው ለዚህ ነው። በ2017 ግን ጥር 3 የዋለው ጃንዋሪ 11፣ ቅዳሜ ቀን ነው። እማዬ "ልጄ የተወለደችው በ3 ነው፣ ፈረንጅ ምን አገባው" ብላ ቅዳሜን ያዘች። ሰውዬው ደግሞ ፓስፖርት አውጥቶ እሑድ ነው ይላል። ልጅቷ "ሁለቱንም" አለች፣ አለቃ ናት አላልኳችሁም? በመጨረሻ እሑድ አሸነፈ። በክርክር እንዳይመስላችሁ። ቅዳሜ ኮሚናሉ፣ የኮንዶሚኒየሙ የጋራ ቤት፣ በዕድር ስብሰባ ተይዞ ነው።

ኮሚናሉን ደግሞ ኮንዶሚኒየም የኖራችሁ ታውቁታላችሁ። ልብስ የሚታጠብበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ድንኳን መጣያ ሲጠፋ ለቅሶ የምንቀመጥበት። የገና በዓል ማክሰኞ ነበር። እሑድ ልደት ነው። ብሎካችን ደግሞ በበግ የሚታማ አይደለም። የልደቱ ቴም ደግሞ "ጋርደን" ነው፣ የአበባ ቦታ። ስለዚህ "ጋርደን" የተባለው ቦታ ሐሙስ ዕለት ገብቼ ሳየው ምን ምን እንደሚል አልነግራችሁም። በበረኪና አጠብነው። ደግመን አጠብነው። ከዚያ እማዬ ቄጠማና አሪቲ ይዛ መጣች፣ ጎዘጎዘችው፣ ሽታው ተቀየረ፣ ቀና ብላም "ይኸው ጋርደንሽ" አለችኝ። እውነቷን ነው እኮ። እኔ ሌሊት ሌሊት ስለፋበት የነበረውን ነገር እሷ ቡና ባፈላች ቁጥር ወለል ላይ ትበትነዋለች፣ ማንም ቴም ነው አላላትም።

ለምን ራስሽ ሠራሽው ለምትሉ። ዲኮር ለሚሠሩ ሰዎች ደውዬ ነበር። ዋጋውን ሲነግሩኝ አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ ያለውን ነገር ታውቃላችሁ፣ አንድ ሙሉ ክፍል አውርቼበታለሁ፣ አልመለስበትም። እና ፒንተረስት ከፈትኩ። ከዚያ የሆነውን የሚያውቀው ሙጫ ማቅለጫው ሽጉጥ ነው። ጣቴ ላይ ያለውን ጠባሳ ብታዩ። ሽጉጡ ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም፣ መብራቱም የሚጠፋው ሽጉጡ ሲግል ነው። ክሬፕ ወረቀት ግን ወደድኩ። በጣም ወደድኩ። ክሬፕ መስመር አለው፣ አንዳንዶቻችሁ ትቆርጡትና አልሆነም ትላላችሁ። የአበባው ቅጠል ቁመት መስመሩን ተከትሎ መቆረጥ አለበት። ከዚያ መሃሉን በሁለት አውራ ጣት ወደ ጎን ቀስ ብላችሁ ትለጥጡታላችሁ፣ እንደ ጽዋ ጎድጎድ ይላል። ያቺ የምትጎደጉድበት ቅጽበት፣ በቃ ምን ልበላችሁ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኖ እንኳ አንድ ልጨምር ያሰኛል።

ሌላው የእንቁላል ካርቶን ነው። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው ግራጫው። ከሱቅ ለመንኩ፣ ከጎረቤት ለመንኩ፣ ከዛም...

ሰማችሁት? "ቆራሌው!" ይኸው መጣ፣ ስፖንሰራችን። እሱን ሳልቀዳ አንድ ክፍል ጨርሼ አላውቅም። በነገራችን ላይ ለዚህ ልደት ከእሱ ካርቶን ገዝቻለሁ። አዎ፣ ከቆራሌው ገዛሁ። እንደዚያ ሆኖ የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ሰውየው ግራ ገብቶት ዋጋ መጥራት አቃተው። የልጆቹ የቢራቢሮ ክንፍ የተሠራው በእሱ ካርቶን ነው።

ምን እያልኩ ነበር? ሴትየዋ።

የልጄ የክፍል ጓደኛ እናት ናት። ጠዋት በር ላይ ሰላም እንባባላለን እንጂ ቁጭ ብለን አውርተን አናውቅም። ዘግየት ብላ መጣች። ልጇን አስገባች፣ ሳምቡሳ ሰጠኋት፣ በሶፍት ያዘችው። ከዚያ ቀና አለች። ቅስቱን አየች፣ በሽቦ የሠራነውን። የተንጠለጠሉትን ቢራቢሮዎች አየች። ወደ ግድግዳው ሄደችና ከካርቶን የሠራኋትን አንዷን አበባ በሁለት ጣቷ ያዘች። ጥሩ፣ ይያዝ። ግን ገለበጠቻት። ከሥሯ አየቻት። ከሥር እኮ ቀለም አልቀባኋትም፣ ማን ከሥር ያያል ብዬ፣ ግራጫው ካርቶን እንዳለ ነው። እሱን አየች። ከዚያ ዞረችልኝ። "ራስሽ ነሽ የሠራሽው?" "አዎ" አልኩ። "ውይ ታድለሽ፣ ጊዜ አለሽ ማለት ነው።"

እኔ ሳቅኩ። "ሳምቡሳ ልጨምርልሽ?" አልኩ። ሰው ሲጨንቀው ሳምቡሳ ያቀርባል።

አሁን ይሄን ነገር ሰውዬው "አድንቃሽ ነው" ይላል። ታድለሽ አለች፣ ሌላ ምን ትበል ይላል። ሊሆን ይችላል። ድምጿ ክፉ አልነበረም። ፈገግ ብላለች። አንገቷ ላይ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ባጅ ነበር። እሑድ ከሰዓት ባጅ ያንጠለጠለች ሴት ከሥራ ቀጥታ ነው የመጣችው ማለት ነው፣ ወይም ወደ ሥራ ልትሄድ ነው፣ እና ልጇን ለሁለት ሰዓት እንኳን የምትጥልበት አግኝታ ቁጭ ያለች ሴት ናት። እንዲህ ሳስበው ከልቧ ነው የቀናችው። ከልቧ "ጊዜ ቢኖረኝ" ያለች ነው የሚመስለኝ። ከዚያ ደግሞ ያቺ መገልበጧ ትመጣብኛለች። ለምን ገለበጠቻት? ዕቃ የሚገለበጠው ዋጋ ወይም የተሠራበት ሊታይ ነው። የእኔ ባጅ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፣ ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም።

ጊዜ አለሽ። እኔ እኮ ልጅ አስተኝቼ ነው የምሠራው። እሺ፣ አዎ፣ ቀንም ሠርቻለሁ። ማክሰኞ በዓል ሆኖ፣ ረቡዕ ቀን፣ ሐሙስ ቀን። ይሄን ለምን ለእናንተ እንደ ፍርድ ቤት እንደማስረዳ ራሱ ገርሞኛል።

እና እማዬ ሌላ ነገር አነሳችብኝ። ክሬፑን ስቆርጥ ቁጭ ብላ አየችኝና "አበባ ሞልቶ በወረቀት?" አለች። እውነት ነው፣ አበባ ሞልቶ። ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥሎ አበባ ወደ ውጭ የምንልከው እኛ ነን። ሆለታ፣ ቢሾፍቱ፣ ዝዋይ፣ የጽጌረዳው ዓይነት ሁሉ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ መኪና ቦሌ፣ ከዚያ አብዛኛው ሆላንድ። በጥር ደግሞ ለቫለንታይን ነው የሚደክሙት። እና እኔ እዚህ ጀሞ ቁጭ ብዬ በወረቀት ጽጌረዳ እሠራለሁ። ግን እማዬ ሆይ፣ አደይ አበባ በጥር ከየት ይምጣ? ልጅቷ የፈለገችው አደይ ነው። ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ። አደይ የመስከረም ነው፣ እስከ ገና የለም። ስለዚህ በወረቀት። በእንቁጣጣሽ ወንዶቹ ልጆች አበባ ሥለው በየቤቱ ይዘው ሲመጡ እማዬ ራሷ አይደለች ብር የምትሰጥ? በአጎቴ ልጅ የተሳለ አንድ ሥዕል፣ መልአክ ይሁን ዶሮ የማይለይ፣ ቁም ሣጥኗ ላይ ለስንት ዓመት ተለጥፎ ነበር። ያኔ ማንም "ጊዜ አለህ" አላለውም። ልጅ ስለሆነ ይሆናል። ልጅ ጊዜ ይኑረው፣ ትልቅ ሰው ግን ጊዜ ካለው አንድ ነገር ጎድሎበታል ማለት ነው? እንጃ። ይሄን ሐሳብ እስከ መጨረሻ መግፋት አልፈልግም፣ የት እንደሚወስደኝ አላማረኝም።

የሚያስቀውን ልንገራችሁ ይልቅ። መሃል ላይ አንዱ ልጅ፣ ዝምተኛው፣ የውሃ ኮዳውን ከፈተና አበቦቹን ማጠጣት ጀመረ። ጋርደን ነው ተብሏላ! ሌሎቹም ኮዳቸውን አመጡ። አለቃዬ ኮዳዋ ባዶ ሆኖባት በሚሪንዳ አጠጣች። ክሬፕ ደግሞ ውሃ ሲነካው ቀለሙን ይለቃል። ቀዩ ሁሉ ወረደ፣ በግድግዳው፣ በቄጠማው ላይ፣ ወደ ፍሳሹ ቀጥ ብሎ። የኮሚናል ወለል፣ ቀይ፣ ገና ባለፈ በአምስተኛው ቀን። እማዬ ብቅ ብላ አየችና "ማን አረደ?" አለች። እውነቷን ነው የጠየቀችው። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ያቺም ሴት ሳቀች። ጎን ለጎን ቆመን፣ ትከሻዬን ይዛ ሳቀች። በዚያች ሰዓት ወድጃት ነበር።

ከዚያ ልጆቹ አበባውን ለቀሙት። ጋርደን ነው፣ ይለቀማል፣ አልከለከልኩም። ግድግዳው ባዶ ቀረ። ሴትየዋም ስትወጣ ያቺን የካርቶኗን አበባ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየኋት። ከልጇ እጅ ተቀብላ አይደለም። ራሷ ናት ያነሳቻት። አልጠየቀችኝም፣ እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

እና ሐሙስ መልእክት መጣ። በወላጆች ግሩፕ አይደለም፣ በግል። ለመጋቢት የታናሽየዋን ልደት ልታደርግ ነው። "እንደዚያ ዓይነት ብትሠሪልኝ፣ ስንት ልትይኝ ነው?" ይላል። ከሥሩ የአበባዋ ፎቶ አለ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ትክክለኛው ፊቷ ወደ ላይ ሆኖ።

ሰውዬው "ይኸው አላልኩሽም፣ ወዳዋለች" አለ። እሺ፣ ወዳዋለች። ወይም "ጊዜ ስላለሽ" ነው። ወይም ሁለቱም። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሻችሁም፣ ስልኩን ይዤ ቤት ውስጥ ዞርኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተናደድኩ። በምን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ወረቀት አወጣሁና ሒሳብ ጀመርኩ። ክሬፑ ይታወቃል። ሽቦው ይታወቃል። የሙጫው እንጨት ይታወቃል። ካርቶኑ በነፃ ነው፣ ከቆራሌው የገዛሁት ሲቀር። ከዚያ በታች ያለውን መስመር ምን ብዬ እንደምሞላው አላውቅም። ትንሽ ብጠራ ጊዜዬ ርካሽ ነው ማለቴ ነው። ብዙ ብጠራ ደግሞ ዲኮሮቹ ለእኔ የነገሩኝን ልነግራት ነው፣ አመስግና ትዘጋለች። የሠራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ እስኪ፣ ማለቴ በእጅ ሠርታችሁ የሸጣችሁ። ግን "ዋጋሽን እወቂ" ምናምን እንዳትሉኝ፣ እሱን ቲክቶክ ላይ ጠግቤዋለሁ።

ገና አልመለስኩላትም። መልእክቱን ከፍቼዋለሁ ደግሞ፣ ሁለቱ ምልክት ወጥቷል፣ ማየቴን ታውቃለች። ሮዝ ነው የምትፈልገው። ሮዙ ክሬፕ ደግሞ አልቋል፣ መርካቶ መሄድ አለብኝ፣ ማለት፣ እሺ ካልኩ ነው...