ሰርቨሩ «አይቻልም» ማለት ያውቃል ወይ?

(ኮምቦልቻ ላይ ለሶፍትዌር ተማሪዎችና ለጀማሪ ፕሮግራመሮች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ የመጣችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንደምን አደራችሁ? የደሴን ብርድ አምናችሁ ጃኬት ደርባችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ከዚህ ይታየኛል። አብሽሩ፣ ብዙ አላቆያችሁም።

ዛሬ የማወራው ስለ ፈቃድ ነው። ሰርቨር ላይ ያለውን ማን ያያል? ማን ይቀይራል? ማን ይሰርዛል? በተለይ ፈቃዱ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ፣ በትክክል መውረዱን እንዴት እንፈትሻለን? ርዕሱ ደረቅ ነው፣ አልክድም። ግን ኦዋስፕ የተባለው የዌብ ደህንነት ድርጅት በ2021 ባወጣው የአሥር ዋና ዋና ስጋቶች ዝርዝር ላይ 1ኛ ያደረገው የፈቃድ ቁጥጥር መበላሸትን ነው። በ2017ቱ ዝርዝር 5ኛ ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።)

አንድ ምሳሌ እንያዝ። ደቡብ ወሎ ዞን የሪፖርት ሰርቨር አለው እንበል። እኔ የፈጠርኩት ነው፣ ነገ ሄዳችሁ እንዳትጠይቁ። ከላይ ዞኑ አለ። ከሥሩ እነ ቃሉ፣ ተሁለደሬ፣ ኩታበር፣ ደሴ ዙሪያ ወረዳዎች አሉ። ከወረዳ ሥር ቀበሌ፣ ከቀበሌ ሥር ፋይል። የዞኑ ባለሙያ ሁሉንም ያያል። የቃሉ ባለሙያ የቃሉን ብቻ ያያል። እስከዚህ ድረስ ማንም ይስማማል።

ነገሩ የሚወሳሰበው ሁለት ደረጃዎች የተለያየ ነገር ሲናገሩ ነው። ዞኑ «ይህን ሰው ፍቀዱለት» ይላል። ወረዳው «ከልክሉት» ይላል። ማን ያሸንፋል?

ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ያለ ይመስለዋል። የለም። አማዞን ክላውድ ላይ በግልጽ የተጻፈ ክልከላ ካለ፣ የትም ቢጻፍ ያሸንፋል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ፋይሉ ላይ በቀጥታ የተጻፈ ፈቃድ ከላይኛው ፎልደር የወረደን ክልከላ ይረታል። ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። ኩበርኔቲስ (ብዙ ማሽን ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድር ሲስተም) በሮል፣ ማለትም በሥራ ድርሻ፣ ፈቃድ በሚሰጥበት ሕጉ ውስጥ ጭራሽ ክልከላ የሚባል ነገር የለውም፤ ፈቃድ መጨመር ብቻ ነው። አፓቼ ዌብ ሰርቨር (ድረ ገጾችን የሚያቀርብ ፕሮግራም) አድራሻው አጭር ከሆነው ፎልደር ጀምሮ ወደ ረጅሙ እየወረደ ያነባል፣ የታችኛው የላይኛውን ይሽራል። ስለዚህ «ፈቃዱ ከላይ ይወረሳል» ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ገና ምንም አልነገራችሁም። ሲጋጩስ? ብላችሁ ጠይቁት።

ስለ አፓቼ አንድ ነገር ልጨምር። ፎልደር ውስጥ ኤችቲአክሰስ የሚባል ፋይል አስቀምጣችሁ «ማንም እንዳይገባ» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ግን ከላይ ዋናው ኮንፊግ (የሰርቨሩ የቅንብር ፋይል) ካልፈቀደ ሰርቨሩ ያንን ፋይል አያነበውም። በአፓቼ ስሪት 2.4 ደግሞ ምንም ካልነካችሁት መነሻው አለመፍቀድ ነው። ክልከላውን የጻፈው ልጅ ዘጋሁ ብሎ ተኝቷል። ፎልደሩ ግን ክፍት ነው። ስህተት የሚል መልእክት የለም፣ ቀይ መብራት የለም። ከውጭ ሆኖ ለመግባት ካልተሞከረ በስተቀር በቀላሉ አይታወቅም።

በጥቅምት 2021 ደግሞ የአፓቼ 2.4.49 ቀዳዳ ተገኘ። አድራሻውን አጣሞ በመጻፍ ከዌብ ፎልደሩ ወጥቶ የማሽኑን ሌሎች ፋይሎች ማንበብ ይቻል ነበር። የተረፉት እነማን ናቸው? ከሁሉ በላይ ባለው ፎልደር ላይ «ሁሉም የተከለከለ ነው» የሚለውን መስመር ሳይነኩ የተዉት። 2.4.50 ማስተካከያ ተብሎ ወጣ፣ እሱም ሙሉ አልነበረም፤ 2.4.51 ተከተለ። ሳልዘርና ሽሮደር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1975 ይህንኑ ጽፈውታል፦ መነሻው መከልከል ይሁን፣ የሚፈቀደው ብቻ በስም ይጠራ።

አሁን ወደ ፍተሻው እንግባ። እስክሪብቶ ያላችሁ አውጡ።

አራት ደረጃ አለን፦ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ፋይል። እያንዳንዱ ደረጃ ስለ አንድ ሰው ከሦስት አንዱን ሊል ይችላል፦ ፍቀድ፣ ከልክል ወይም ዝም። ሦስትን በራሱ ብታባዙ፣ 3×3×3×3፣ 81 ይመጣል። 81 ሁኔታ በእጅ መሞከር አድካሚ ነው። ለኮምፒዩተር ግን ምንም አይደለም፤ አራት ሉፕ (የሚደጋገም ትእዛዝ) አንዱን በአንዱ ውስጥ መጻፍ ነው። ስለዚህ ናሙና አትምረጡ። ሁሉንም ሞክሩ።

«ክልከላ ሁልጊዜ ያሸንፋል» የሚለውን ሕግ ከመረጣችሁ፣ ከ81ዱ ውስጥ 15ቱ ብቻ «ይቻላል» ይሆናሉ። 66ቱ «አይቻልም» ናቸው፤ ሁሉም ደረጃዎች ዝም ካሉ መነሻው ክልከላ ነው ብለን። «ለፋይሉ የቀረበው ያሸንፋል» ካላችሁ ደግሞ 40 ይፈቀዳል፣ 41 ይከለከላል። በሁለቱ ሕጎች መካከል 25 ሁኔታዎች መልሳቸው ይገለበጣል። ፕሮግራመሩ አንዱን ሕግ፣ ደንበኛው ሌላውን አስቦ ከሆነ እነዚያ 25 ቦታዎች ላይ ወይ የሰው ሪፖርት ለማይገባው ሰው ይታያል፣ ወይ የሚገባው ሰው ይከለከላል። ሁለቱም ግን «ተስማምተናል» ብለው ተፈራርመዋል።

ስለዚህ ትክክለኛው መልስ የሚመጣው ከኮዱ መሆን የለበትም። ኮዱን አስኪዶ የወጣውን መልስ ኮፒ አድርጎ «የሚጠበቀው ይሄ ነው» ብሎ ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ኮድ) የሚጽፍ ሰው ምንም አልፈተሸም። የ81ዱን ሁኔታዎች ሠንጠረዥ ይዛችሁ ወደ ሥራው ባለቤት ሂዱ። ከኃላፊው ጋር ተቀመጡ። «ወረዳው ከከለከለ፣ ቀበሌው ከፈቀደ፣ ይግባ ወይስ አይግባ?» በሉ። መጀመሪያ ይስቃሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ። ከዚያ እርስ በርስ መከራከር ይጀምራሉ። ያ ክርክር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቢያልቅ ይሻላል።

የተማሪ ፕሮጀክቶች ላይ ከማያቸው ቴስቶች አብዛኞቹ «አድሚኑ ገባ፣ አየ፣ ቀየረ» የሚሉ ናቸው። ሁሉም አረንጓዴ፣ ማለትም ሁሉም አልፈዋል። ግን ዘበኛ ባለቤቱን ስላስገባ ጎበዝ ዘበኛ አይባልም። እነዚያ ቴስቶች የፈቃድ ኮዱን ሙሉ በሙሉ ብታጠፉትም አረንጓዴ ናቸው።

ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ የምትጠቀሙ እዚህ ጋ ጆሮ ስጡኝ። ከ9.5 ጀምሮ በረድፍ ደረጃ ፈቃድ መገደብ ይቻላል፤ የቃሉ ሰው የቃሉን ረድፎች ብቻ እንዲያይ ማለት ነው። ጥሩ ነገር ነው። ግን ሱፐርዩዘሩ (የዳታቤዙ የበላይ ዩዘር) በፍጹም አይገደብም። የሠንጠረዡ ባለቤትም፣ በግልጽ ካላስገደዳችሁት በስተቀር፣ አይገደብም። ቴስቶቻችን ደግሞ በአብዛኛው የሚገናኙት ሠንጠረዡን በፈጠረው ዩዘር ነው። ሕጉ ይኑርም አይኑርም መልሱ ያው ነው። ለቴስት የተለየ፣ ምንም የሌለው ተራ ዩዘር ፍጠሩ። በእሱ ግቡ።

ሌላው በተኑን መደበቅ ነው። «ሰርዝ» የሚለው በተን ለቀበሌው ሠራተኛ አይታየውም፣ አለቀ ይላሉ። አላለቀም። ፍተሻው ያለ ስክሪን መሆን አለበት፦ በቃሉ ሰው ቶክን (ሎግኢን ሲያደርግ ሰርቨሩ በሚሰጠው መለያ) የተሁለደሬን ፋይል በቀጥታ ከሰርቨሩ ጠይቁ። ከዚያ ዝርዝሩን ጠይቁ። ከዚያ ፍለጋውን። ፋይሉ አይከፈትም፣ ግን ፍለጋ ላይ ርዕሱ ከነቀኑ ይወጣል። ርዕሱ ራሱ ምስጢር ከሆነስ?

የሰው ዝውውርም አለ። የቃሉ ባለሙያ ወደ ተሁለደሬ ተዛወረ። አዲሱ ፈቃድ ወዲያው ይሰጠዋል፣ ምክንያቱም ካልተሰጠው ስልክ ይደውላል። የድሮው አለመነሳቱን ግን ማን ደውሎ ይናገራል? ሰርቨሩ ፈቃዱን በካሽ (በጊዜያዊ ማስታወሻው) ይዞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቴስቱ ውስጥ ሰውየውን አዛውሩት፣ ሳይወጣና እንደገና ሳይገባ በዚያው ሎግኢን የድሮውን ፋይል እንዲጠይቅ አድርጉ። ፎልደሩንም ራሱን አንቀሳቅሱ፤ ቀበሌውን ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ውሰዱት፣ ውርሱ ተከትሎት መሄዱን እዩ።

መብራትና ኔትወርክ ሲቆራረጥስ? የፈቃድ ዳታቤዙን ሆን ብላችሁ አጥፉት። ሰርቨሩ ምን ይላል? «ሲስተም የለም» ካለ ደግ ነው። ማጣራት አቅቶት ዝም ብሎ ካስገባ ግን ያንን በፕሮዳክሽን (ሰው በሚሠራበት ሲስተም) ሳይሆን በላፕቶፓችሁ ላይ ማወቅ አለባችሁ።

ይህን ሁሉ ስል «ሁሉንም ዝጉ» ማለቴ አይደለም። 15ቱንም «ይቻላል» ፈትሹ። ሥራው ላይ የሚያስፈልገውን ፋይል መክፈት ያልቻለ ሠራተኛ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፦ የአለቃውን ፓስወርድ ይለምናል። ሳምንት ሳይሞላ ፓስወርዱ በወረቀት ተጽፎ ሞኒተሩ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ ዞን የለ፣ ወረዳ የለ፣ ሁሉም አለቃ ነው።

ከሻይ በኋላ ላፕቶፕ ያላችሁ የራሳችሁን ፕሮጀክት ክፈቱ። ከፈቃድ ሕጎቻችሁ አንዱን፣ የፈለጋችሁትን አንድ መስመር ሰርዙ። ከዚያ ቴስቶቹን አስኪዱ። አንድም ቀይ ካልወጣ ያንን መስመር የሚጠብቅ ቴስት የላችሁም ማለት ነው፤ መጀመሪያ የምንጽፈው እሱን ይሆናል። መስመሩን መመለስ እንዳትረሱ ብቻ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፣ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።