ግልገል አቅፎ ፎቶ መነሳት ለምን ቀረ? (የዱር እንስሳት ማገገሚያ ማኅበራችን ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር)

ውድ አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የሒሳብ ሪፖርቱን ገንዘብ ያዣችን ታቀርባለች። የዓመቱን ሥራ እኔ ባጭሩ ልበል፦ ክንፋቸው የተሰበረ ጭልፊቶች አገግመው በረዋል፣ እናት አልባ ሚዳቋዎች ዱር ገብተዋል፣ ለጉጉቶቹም ሰፊ የበረራ መለማመጃ ሠርተናል። በዚህ ኮርቻለሁ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ወደከረመው ልምጣ።

«ግልገል አቅፎ ፎቶ መነሳት ቀርቷል» ብለን የወሰንን ጊዜ ስንቱ ተቀየመን! «በፍቅር ነው የመጣነው፣ ምን አጠፋን?» አላችሁን። ፍቅራችሁን አልጠራጠርም። ግን ሚዳቋ ስትታቀፍ ዝም የምትለው ተመችቷት አይደለም፣ በፍርሃት ደርቃ ነው። ድንጋጤው ጡንቻዋን ይጎዳዋል፤ ዛሬ ደህና መስላ ከቀናት በኋላ ልትሞት ትችላለች። የወፍ ጫጩት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የእንስሳትን ጠባይ ያጠና የነበረው ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1935 የዝይ ጫጩቶች መጀመሪያ ያዩትን ተንቀሳቃሽ ነገር እንደ እናት እንደሚከተሉ ጽፎ ነበር። ሰውን እናቱ ያደረገ ጉጉት ሲያድግ ከብጤው ጋር መጣመር ይቸግረዋል፣ ሰው ሲያይም አይሸሽም፤ እንዲህ ያለውን ዱር መልቀቅ ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። ተሸፍነን፣ ድምፃችንን አጥፍተን፣ የእናቲቱን ጭንቅላት በሚመስል ጓንት የምናበላው ለዚህ ነው። ስለዚህ ውሳኔው አይቀለበስም።

ከቅያሜው በላይ የጎዳን ግን የሌሊት ተራው ባዶ መቅረቱ ነው። ጡጦ የሚጠባ ግልገል በየጥቂት ሰዓቱ ይርበዋል፣ እኛ እስክንታረቅ አይጠብቅም። ሌሊቱን የሚያድሩት እነዚያው ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ደክመዋል፣ ፊታቸው ላይ ይታያል። እንስሳ ዱር በሚለቀቅበት ቀን ግን ሁሉም ይመጣል። ይሄ ያማል።

እ.ኤ.አ. በ2000 «ትሬዠር» የተባለች መርከብ ኬፕታውን አጠገብ ሰጥማ ነዳጇ ሲፈስ 19 ሺህ የሚሆኑ ፔንግዊኖች በዘይት ተለውሰው ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች አጠቧቸው፣ አበሏቸው፣ ማቆያቸውን ጠረጉ። ፔንግዊን ይናከሳል፣ ይሸታል፣ ለማቀፍ የሚመች ነገር የለውም። አብዛኞቹ ድነው ባሕር ገብተዋል።

ዛሬ እዚህ ያልመጣችሁ እህት ወንድሞቼ፣ ይሄ ንግግር እንደሚደርሳችሁ አውቃለሁ። ከእናንተ መሃል በጨለማ ሲሪንጅ ይዞ ጫጩት በማብላት የሚስተካከለው የሌለ ሰው አለ፣ ራሱን ያውቃል። በእኔ ተቆጡ፣ ግድ የለም፣ ግን ተራችሁን ያዙ። ስደውል ስልክ አንሱ። እዚህ ያላችሁም፣ የሌሊት ተራ መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ተለጥፏል፤ ለእረፍት ስትወጡ ስማችሁን ጻፉበት።