ዘላዩ ትኋን

ሄለን፦ ስለ ትኋን ነው የምናወራው ብለህ ስትደውልልኝ ፍራሼን ገልብጬ አየሁ።

ብሩክ፦ (ሳቅ) አይዞሽ፣ ይሄኛው አልጋ ላይ አይወጣም። ውሃ ዳር፣ እርጥብ ጭቃ ላይ ነው የሚኖረው። ጂነሱ፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚመደቡበት ቡድን፣ ሳልዱላ ይባላል።

ሄለን፦ ታዲያ ትኋን ለምን አልከው?

ብሩክ፦ ያለው ሊኒየስ ነው፣ ለፍጥረታት ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ስዊድናዊ፤ እኔ ምን አገባኝ! በፈረንጆቹ 1758 አንዱን ዝርያ «ሲሜክስ ሳልታቶሪየስ» አለው። ሲሜክስ የትኋን ጂነስ ነው። ሳልታቶሪየስ ደግሞ ዘላይ።

ሄለን፦ ዘላይ ትኋን! እግዜር ያውጣን።

ብሩክ፦ ያኔ ብዙ ዘመዶቹን አንድ ከረጢት ውስጥ ነበር የሚከቷቸው። በ1803 ፋብሪሲየስ የሚባል የነፍሳት አጥኚ ሳልዳ የሚል ጂነስ አወጣ። በ1914 ደግሞ ሌላ የነፍሳት አጥኚ፣ ቫን ዱዚ፣ ሳልዱላን አመጣ፤ ትንሿ ሳልዳ እንደማለት።

ሄለን፦ እሺ፣ አንተ እንዴት ያዝከው?

ብሩክ፦ እዚህ ስቶክሆልም፣ ሐይቅ ዳር ተንበርክኬ። ቁመቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጠጋ ስትይ እንጣጥ ይላል፣ ትንሽ በረር ብሎ እንደገና ያርፋል። ዓይኑ ፍጥጥ ያለ ነው፣ ከሩቅ ያይሻል። ከሰዓቱን ሙሉ ለፍቼ ብርጭቆ ደፍቼ የያዝኩት ሁለት ብቻ!

ሄለን፦ ሳልዱላ መሆኑንስ በምን አወቅክ?

ብሩክ፦ በክንፉ ጀመርኩ። የፊት ክንፉ ሥሩ ጠንከር ያለ ነው፣ ጫፉ ስስ። ስሱ ላይ አራት ረጃጅም መስኮቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። አምስት ቢሆኑ ወደ ሌላ ንዑስ ቤተሰብ እሄድ ነበር።

ሄለን፦ አራት ከሆነ አለቀ በለኛ።

ብሩክ፦ የት! ሳልዳም አራት አላት። ግን እሷ ገዘፍ፣ ጠቆር ትላለች። የእኔዎቹ ደቃቃ ናቸው፣ ክንፋቸው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አላቸው።

ሄለን፦ በነጠብጣቡ ዝርያውን መለየት አይቻልም?

ብሩክ፦ እሱ ነው ጉድ የሚሠራሽ። አንዱ ዝርያ ራሱ ከጥቁር እስከ ገርጣ ያለ መልክ ሊኖረው ይችላል። ተመሳሳዮቹን ለመለየት የወንዱ መራቢያ አካል ላይ ያለችውን መንጠቆ የመሰለች ነገር በማይክሮስኮፕ ማየት ነው።

ሄለን፦ የያዝካቸውስ?

ብሩክ፦ ሁለቱም ሴቶች ናቸው።

ሄለን፦ (ሳቅ) እና ምን ብለህ መዘገብካቸው?

ብሩክ፦ «ሳልዱላ» ብዬ፣ ቀጥሎ ያለውን ቦታ ባዶ ተውኩት።