ቡችላ ከመግዛትዎ በፊት፦ የአዳማ አድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የአድማጮች ሰዓት ከአዳማና ከዙሪያዋ የተደወሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ቡችላ ስለመግዛት ነበሩ። መልስ የሰጡት የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው። ከስርጭቱ ወደ ጽሑፍ የተመለሰው እንዲህ ይነበባል።

ጥያቄ (ከፍራንኮ)፦ ዶክተር፣ በቴሌግራም የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ አግኝቻለሁ። ባለቤቱ «1 ወር ከ15 ቀን ሆኖታል፣ ሌላ ፈላጊ አለ፣ ቶሎ ቀብድ ላክ» ይለኛል። ልላክለት?

መልስ፦ አይላኩ ወንድሜ። 1 ወር ከ15 ቀን 45 ቀን ነው። ቡችላ ከእናቱ የሚለየው ቢያንስ 8 ሳምንት፣ ማለትም 56 ቀን ሲሞላው ነው። የቀሩት 11 ቀናት ትንሽ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ቡችላ አነካከሱን መመጠን የሚማረው በነዚህ ሳምንታት ነው። ወንድሙን አጥብቆ ሲነክሰው ወንድሙ ጮሆ ጨዋታውን ይተዋል፤ እናቱም ትቆጣዋለች። ይህን ሳያይ የወጣ ቡችላ ሲያድግ የልጅ እጅና የጨዋታ ጨርቅ አይለይም፤ ብቻውን ሲቀርም ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል።

ሻጩ የሚቸኩልበት ምክንያት አለው። ቡችሎች ምግብ መቅመስ የሚጀምሩት ከ3ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የእናት ወተት እየቀነሰ ይሄዳል፤ የምግቡ፣ የትል መድኃኒቱና የመጀመሪያው ክትባት ወጪ በአንድ ጊዜ ይመጣል። በ5ኛው ወይም በ6ኛው ሳምንት የሚሸጥ ሰው ወጪውንም አደጋውንም ወደ ገዢው እያሸጋገረ ነው። ስለ ቡችላ ከሚነሱት ችግሮች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከዚህ ችኮላ ነው።

እንዲያውም ይህኛው ሻጭ ዕድሜውን በግልጽ ነግሮዎታል፤ ሌላው ጨምሮ ይናገራል። ስለዚህ አፉን ከፍተው ጥርሱን ይዩ። የፊት ጥርሶቹና ክራንቻዎቹ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ይበቅላሉ፤ የኋለኞቹ የወተት መንጋጋዎች ግን እስከ 8ኛው ሳምንት ይዘገያሉ። ሁሉም ሲወጡ ከላይ 14፣ ከታች 14፣ በድምሩ 28 ናቸው። «2 ወር ተኩል ሞልቶታል» የተባለ ቡችላ የኋላ ድዱ ገና ባዶ ከሆነ ዕድሜው ተጨምሮበታል።

ጥያቄ (ከቦኩ)፦ ሻጩ «ቤቴ ሩቅ ነው፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ካፌ ይዤልህ ልምጣ» አለኝ። እዚያ ሳየው ምን ምን ልመልከት?

መልስ፦ ካፌ ውስጥ የሚያዩት ቡችላውን ብቻ ነው። ማየት የሚያስፈልግዎ ግን እናቱን ነው። ቤቱ ካልወሰደዎ ይቅርብዎ፤ ወይ ቡችላው ከሌላ ቦታ በደላላ የመጣ ነው፣ ወይ ያለበት ሁኔታ ለእንግዳ የሚታይ አይደለም። አባትየው ሌላ ሰው ጋ ሊሆን ይችላል፣ ያ ችግር የለውም። እናትየው ግን ከቡችሎቿ ጋር መኖር አለባት። የምታጠባ ውሻ ትንሽ መክሳቷ ያለ ነው፤ ጡቷም ወርዶ ይታያል። ፈርታ ጥግ የምትሸሽ ወይም ባለቤቷ አጠገብ ቆሞ እንኳ የማትረጋጋ ከሆነች ግን ያስቡበት፤ ጠባይ በዘርም በአስተዳደግም ይተላለፋል። ስንተኛ ወሊዷ እንደሆነ ይጠይቁ። ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚያስወልዳት ሰው ካጋጠመዎ ቡችላን እንደ ፋብሪካ ዕቃ ነው የሚያመርተው፣ እሱን አያበረታቱ።

ቡችላውን ታቅፈው አይመርምሩት፤ መሬት ላይ ያስቀምጡትና ሲራመድ ይዩት። ከኋላው ያጨብጭቡ፣ ዞር ካላለ ጆሮውን ይጠራጠሩ። ከንፈሩን ገልጠው ድዱን በጣት ይጫኑ፦ ይነጣል፣ ጣትዎን ሲያነሱ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝነቱ መመለስ አለበት። ድዱ ገና ሳይጫኑት የገረጣ ከሆነ ትል ወይም ቁንጫ ደሙን እየጨረሰው ሊሆን ይችላል። ጎድኑ እየታየ ሆዱ የተነፋ ቡችላ «ጠግቦ ነው» ይባልልዎታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ትል ነው። ከጅራቱ ሥር ያለው ፀጉር በተቅማጥ ተጣብቆ እንደሆነ፣ ዓይኑና አፍንጫው ፈሳሽ እንዳለው፣ ዓይኑ ዙሪያና የጆሮው ጠርዝ እንደተመለጠ፣ እምብርቱ ላይ እብጠት እንዳለ ይዩ። ከሁሉም በላይ ግን ምግብ በሚቀርብላቸው ሰዓት ይሂዱ። ወንድሞቹ ሲሻሙ ብቻውን የሚተኛው ቡችላ አንጀት ይበላል፤ አዝነው የሚወስዱት ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚያደርሱት ሐኪም ዘንድ ነው።

ጥያቄ (ከወንጂ)፦ የ2 ወር ቡችላ ገዛሁ። ሻጩ «ክትባቱን ጨርሷል» ብሎ ካርድ ሰጥቶኛል። ወደ ውጭ ላውጣው?

መልስ፦ በ2 ወሩ ክትባቱን የጨረሰ ቡችላ የለም። ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእናቱ ጡት መከላከያ ያገኛል። ይህ መከላከያ እየቀነሰ ሲሄድ በሽታውን ማቆም ያቅተዋል፤ ክትባቱን ለማክሸፍ ግን አሁንም ይበቃል። መቼ እንደሚጠፋ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል፤ በአንዱ በ7ኛው፣ በሌላው በ13ኛው ሳምንት ሊሆን ይችላል። ክትባቱ የሚደጋገመው በዚህ ምክንያት ነው። ፓርቮንና ዲስቴምፐርን፣ ማለትም ቡችላን የሚገድሉ ሁለት የቫይረስ በሽታዎችን፣ የሚከላከለው ጥምር ክትባት ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ይጀመራል፣ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል፣ የመጨረሻው ከ16ኛው ሳምንት በፊት መሆን የለበትም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ3 ወር በኋላ ይሰጣል፤ በዓመቱ ይደገማል።

ካርዱን እንዴት እንደሚያነቡት ልንገርዎ። ከክትባቱ ብልቃጥ ላይ የተላጠ፣ የምርት ቁጥርና የማብቂያ ቀን ያለበት ወረቀት መለጠፍ አለበት፤ ከጎኑ ቀኑ፣ የሐኪሙ ስምና ማኅተም። በእስክሪብቶ «ተከትቧል» ተብሎ የተጻፈ ብቻ ከሆነ እንዳልተከተበ ይቁጠሩት። ቀኖቹ በኢትዮጵያ ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደተጻፉ ይለዩ፤ ይህ ተምታቶ ድግግሞሹ ያለፈበት ቡችላ ብዙ ነው። ሻጩ ራሱ መድኃኒት ቤት ገዝቶ ወግቶት ከሆነም አይመኑበት። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። በአዳማ ሙቀት በኪስ ተይዞ በባጃጅ የተጓዘ ብልቃጥ ውስጡ የቀረው ፈሳሽ ነው እንጂ ክትባት አይደለም።

ታዲያ እስከ 16ኛው ሳምንት ቤት ይዘጋበት ማለት አይደለም። ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ነው፤ ያኔ ሰው፣ ባጃጅ፣ ጃንጥላ፣ ልጅ ያላየ ውሻ ኋላ ሁሉን ይፈራል፣ የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል። ታቅፈው መንገድ ያሳዩት፣ እንግዳ ቤት ይምጣለት። መሬት ላይ አያውርዱት፣ በተለይ ውሻ በሚበዛበት ሰፈርና ቄራ አካባቢ።

ጥያቄ (ስሟን ያልገለጸች ተማሪ)፦ ዶክተር፣ ቡችላዬን ከገዛሁ 3 ቀኑ ነው። ከትናንት ጀምሮ ያስመልሰዋል፣ ተቅማጡም ደም አለበት። የሰው አንቲባዮቲክ ልስጠው?

መልስ፦ አትስጪው የኔ ልጅ፤ ይህን እየሰማሽ ተነሺና ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። የምትገልጪው የፓርቮ ምልክት ነው። የሚያስመልሰው ቡችላ በአፉ የሰጠሽውን አያስቀረውም፤ አፉን ከፍተሽ ብታንቆረቁሪለት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ፓርቮ የሚገድለው ውኃ በማሳጣትና ከተጎዳው አንጀት ወደ ደም በሚገባ ባክቴሪያ ነው፤ ስለዚህ የሚያድነው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ማስመለስ የሚያቆም መድኃኒትና የመርፌ አንቲባዮቲክ ነው። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ ፈጽሞ አትስጪው። ዝልፍልፍ ብሎ ከሆነ በመንገድ ላይ ትንሽ ማር ድዱ ላይ ቀቢለት፤ የስኳር መጠኑ ወርዶ ሊሆን ይችላል። አዳማ ውስጥ ፈሳሽ የሚሰጥ ክሊኒክ ካጣሽ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ማስተማሪያ ሆስፒታል ውሻ ያክማል።

ለሌሎቻችሁም፦ ፓርቮ ከያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ በአብዛኛው ከ3 እስከ 7 ቀን ይፈጃል። በ3ኛው ቀን የታመመ ቡችላ በሽታውን ይዞ የመጣው ከሻጩ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ስትገዙ አንድ ገጽ ውል ጻፉ፦ የተወለደበት ቀን፣ የትል መድኃኒት የወሰደባቸው ቀናት፣ ክትባቱ፣ እንዲሁም በ10 ቀን ውስጥ ቢታመም ወይም ቢሞት ማን ምን እንደሚከፍል። ለዚህ የማይፈርም ሻጭ የሚያውቀው ነገር አለ።

ቡችላ የሞተበት ግቢ ደግሞ ቫይረሱን አንድ ዓመት ያህል ሊያቆይ ይችላል። ወለሉን መጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፤ በረኪና ቆሻሻ ላይ አይሠራም። ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ለ10 ደቂቃ እርጥብ አድርጋችሁ ተዉት። አፈርን በረኪና አያጸዳውም። አፈር ያለው ግቢ ከሆነ ቀጣዩ ውሻ ክትባቱን የጨረሰ ትልቅ ውሻ ይሁን።

ጥያቄ (ከዳቤ)፦ ለግቢ ጥበቃ የፈረንጅ ውሻ ይሻላል ወይስ የሀበሻ?

መልስ፦ እናታችን፣ ለግቢ ጥበቃ ብቻ ከሆነ የሀበሻ ውሻ ይበቃዎታል፤ ይህን ያለ ማመንታት ነው የምንለው። ጆሮው ንቁ ነው፣ ፀጉሩ አጭር ስለሆነ የሚያዝያንና የግንቦትን ሙቀት ይችላል፣ የሚበላውም ያነሰ ነው። ጀርመን ሼፐርድና ሮትዋይለር የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዘር ይወርሳሉ፤ ወላጆቹ ሲነሱና ሲቀመጡ፣ ደረጃ ሲወጡ ሳያዩ አይግዙ። አፍንጫቸው ድፍጥ ያሉት ዝርያዎች ደግሞ ሙቀት ሲበረታ መተንፈስ ያቅታቸዋል፤ ለአዳማ አይሆኑም። ሴት ቡችሎች ማንም አልፈልግም ብሎ መንገድ የሚጣሉትም ያሳዝኑናል። ሴቷ እኩል ትጠብቃለች፤ እንዳትወልድ በቀዶ ጥገና ማድረግ ይቻላል። የትኛውንም ቢወስዱ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የሚያስሩት ከሆነ ግን አይግዙ።

ጥያቄ (ከመብራት ኃይል)፦ የቤት ትርፍራፊና የሥጋ ቤት ሳንባ እየሰጠሁት ነው። ልክ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም እንዳሉ ሲሰጡ አደገኛ ናቸው። ወጣችን ከሽንኩርት ነው የሚሠራው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስሉም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ስለዚህ ወጥ የነካው እንጀራ ይቅር። ጥሬ ሳንባና ጉበት ውስጥ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ውሻው ሲበላቸው ትል ይሆኑበታል፣ ዕንቁላሉ ከውሻው ወደ ቤተሰቡ አልፎ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ዕጢ መስሎ ያድጋል። ከረጢት ያለውን ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት፤ ደኅና የሚመስለውንም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ያፍሉት። የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል።

ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ ካልሲየም ይጎድለውና እግሩ ይቆለመማል። በግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ የዕንቁላል ቅርፊት ይጨምሩ። የታሸገ የቡችላ ምግብ የሚበላ ከሆነ ግን ምንም አይጨምሩ፤ ትርፍ ካልሲየም የትልልቅ ዝርያዎችን አጥንት ያበላሻል። እስከ 3 ወር በቀን 4 ጊዜ፣ እስከ 6 ወር 3 ጊዜ፣ ከዚያ 2 ጊዜ ይብላ። ሻጩ ሲያበላው የነበረውን ጠይቀው ያንኑ ይቀጥሉ፤ አዲሱን በ7 ቀን ውስጥ እየቀላቀሉ ያስለምዱት። የላም ወተት ያስቀምጠዋል።

የትል መድኃኒት ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ እስከ 8ኛው፣ ከዚያ በየወሩ እስከ 6 ወር ነው፤ በክብደት ይለካል። ሚዛን ላይ እሱን ይዘው ይውጡ፣ ከዚያ ብቻዎን፣ ልዩነቱ የእሱ ኪሎ ነው። አልቤንዳዞል የውሻን መቅኔ ሊጎዳ ስለሚችል ለቡችላ ፒራንቴል ወይም ፌንቤንዳዞል ይጠይቁ። ለመዥገር ተብሎ ለከብት የሚሸጥ ዲያዚኖን ቡችላ ላይ አይፍሰስ፤ ለሀጩን አዝረክርኮ፣ ተንቀጥቅጦ ይሞታል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ላመጣው ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከመነሳትዎ 3 ሰዓት በፊት ምግብ ያቁሙ፣ ውኃ ግን ይጠጣ። አየር የሚያስገባ ካርቶን ውስጥ እናቱ የተኛችበትን ጨርቅ አንጥፈው እግርዎ ሥር ያድርጉት፤ ዕቃ መጫኛ ውስጥ በፍጹም። መናኸሪያ መሬት ላይ አያውርዱት።

ጥያቄ (ከገንደ ሀራ)፦ አዲሱ ቡችላችን የ5 ዓመት ልጄን በጨዋታ ጫር አደረጋት። ገና ቡችላ ስለሆነ የእብድ ውሻ በሽታ አይኖረውም አይደል?

መልስ፦ ቡችላም ይይዘዋል፤ ያስተላልፋልም። ቁስሉን አሁኑኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡት። በርበሬ፣ ቡና ወይም ቅጠል አይጨምሩበት። ከዚያ ልጅቷን ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፤ ክትባት ያስፈልጋት እንደሆነ እዚያ ይወሰናል፣ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም። ቡችላውን አይግደሉት፣ ለማንም አይስጡት። ለብቻው ዘግተው ለ10 ቀን ይከታተሉት። ጠባዩ ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃተው፣ አረማመዱ ከተወላገደ ወይም ከሞተ፣ ሰዓት ሳያሳልፉ ለጤና ጣቢያውና ለእንስሳት ሐኪም ይንገሩ። ሻጩንም ይደውሉለት፤ የዚያው እናት ልጆች የገቡባቸው ቤቶች ማወቅ አለባቸው።